ኮቦ ጥሩ ነው፤ ሰዓታችንን ግን አያውቅም

እንጀራዬ ዳታ መሰብሰብ ነው። የማስተርስ ተማሪ ቴሲሱ ሲያፋጥጠው ወይም አንድ ድርጅት ጥናት ሲያስጠና እኔንና ጓደኞቼን ይጠራናል። መነሻችን ሐዋሳ ነው፤ ከዚያ ወደ ወረዳዎቹ እንወጣለን። አንዴ የጤና መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። አንዴ ርዕሰ መምህር ቢሮ በር ላይ ደጅ እንጠናለን። አንዴ ደግሞ ለሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የአስፋልት ጉድጓድ ፎቶ እያነሳን የባጃጅ ሾፌሮች ይስቁብናል። ሥራው ይለያያል፤ ስልካችን ላይ የምንከፍተው አፕ ግን ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ነው፦ ኮቦ ቱልቦክስ። (ወሎ ካለችው ቆቦ ጋር ዝምድና የለውም። አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ከቆቦ የመጣን መስሎት ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቆን ያውቃል።)

ስለ ኮቦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሞልቷል። እኔ የማወራው እኛ ሰፈር ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን ነው።

ኮቦን የጀመሩት የሃርቫርድ ሂዩማኒቴሪያን ኢኒሼቲቭ ሰዎች ናቸው። መሠረቱ ኦዲኬ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ እሱም በ2008 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተነሳ ነው። መጠይቁን ኮምፒውተር ላይ ወይም ኤክሴል ላይ ትሠራላችሁ፣ ሰርቨሩ ላይ ትጭናላችሁ፣ ዳታ ሰብሳቢው ኮቦ ኮሌክት የሚባለውን አፕ አንድሮይድ ስልኩ ላይ ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ገጠር ውላችሁ፣ ማታ ከተማ ስትገቡ ትልካላችሁ። አይፎን የያዘ ሰው አፑን አያገኘውም፤ በብሮውዘር በሚከፈተው ዌብ ፎርም ነው የሚሞላው።

ይሄ የሚገባው ወረቀት ለያዘ ትውልድ ብቻ ነው። ድሮ መጠይቁ ይታተማል፣ በካርቶን ይጫናል፣ ዝናብ ያገኘዋል፣ ገጽ 7 ይጠፋል። ሲመለስ ደግሞ ኤፒ ዳታ የሚባል የዳታ ማስገቢያ ፕሮግራም ላይ ሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ያስገባዋል፣ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። የአንዱን ሰብሳቢ 1 እና 7 ለመለየት ስብሰባ እንቀመጥ ነበር። ኮቦ ይሄን ሁሉ ገላግሎናል፤ ለዚህ ብቻ ብዬ ባመሰግነው አያንሰውም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር መዝለል ነው። «አልወለድኩም» ያለችን ሴት «የመጨረሻውን ልጅሽን የት ወለድሽው?» ብሎ መጠየቅ ቀረ። የመዝለያው ሁኔታ ፎርሙ ላይ በትክክል ከተጻፈ ጥያቄው ራሱ አይመጣም። ወረቀት ላይ «መልሱ የለም ከሆነ ወደ ጥያቄ 214 ይሂዱ» የሚለውን በፀሐይ ደክሞት የማይስተው ሰው አላየሁም።

ሦስተኛው ገደብ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኮቦን የወደድኩት በዚህ ነውና። ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕጻናት የክንድ ልኬት፣ እኛ ሙአክ የምንለው፣ በዚያች ባለቀለም ጥብጣብ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ያልሞላው መካከለኛ። ጥብጣቧ ላይ ግን አንዳንዴ ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ነው ያለው። ስለዚህ አንዱ 118 ብሎ ያስገባል፣ ሌላው 11.8 ይላል። ፎርሙ ላይ ተገቢውን ገደብ ካስቀመጣችሁ 118 የጻፈውን ሰው ኮቦ አላሳልፍም ይለዋል፤ «በሴንቲ ሜትር ጻፍ» የሚል የአማርኛ መልእክትም ታወጡለታላችሁ። ከዚህ የበለጠም አለ። ልኬቱ ከ11.5 በታች ሲሆን ወዲያው «እናትየዋን ጤና ኬላ ላኩ» የሚል ማስታወሻ ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። በወረቀት ዘመን ያ ልጅ የሚታወቀው ዳታው ገብቶ፣ ተጣርቶ፣ ሠንጠረዥ ሆኖ ነው። አሁን እናትየዋ ገና ልጁን ወደ ጀርባዋ ሳትመልስ ይታወቃል።

እስከዚህ ድረስ ምስጋና ነው። አሁን ወደ ጣጣው።

ኮቦ ፈረንጅ ነው። ዝም ካላችሁት ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በፈረንጅ ይቆጥራል። መጠይቁን የሚሠራው ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት ያገኘውን ፎርም ወስዶ ጥያቄዎቹን ብቻ ነው ወደ አማርኛ የሚመልሰው። የቀን መቁጠሪያው ትዝ የሚለው የለም።

የክትባት ካርድ ላይ «ጳጉሜን 3፣ 2014» ተብሎ የተጻፈ ልጅ ይምጣላችሁ። ተራው የኮቦ የቀን ጥያቄ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ሰብሳቢው ምን ያድርግ? አንዱ በጭንቅላቱ አስልቶ ሴፕቴምበር 8፣ 2022 ያስገባል፤ ትክክል ነው። ሌላው ሴፕቴምበር 3፣ 2014 ይላል፤ ልጁ በአንድ አፍታ 8 ዓመት አረጀ። ሦስተኛው ስምንት መደመሩን ያስታውስና ወሩን ይስታል። ሕጻናት ላይ የአንድ ወር ስህተት ቀላል አይደለም። ቁመት ለዕድሜ የሚሰላው በወር ነው፤ ወሩ ከተዛባ ጤነኛው የቀነጨረ፣ የቀነጨረው ጤነኛ ይሆናል።

ደግነቱ መፍትሔው አፑ ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ፎርሙ ላይ አፒራንስ የሚባል ቦታ አለ። ለቀን ጥያቄው እዚያ ላይ «ኢትዮጵያን» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፉ። ስልኩ ላይ የእኛ ካላንደር ጳጉሜንን ይዞ ይመጣል። ሰብሳቢው ካርዱ ላይ ያየውን እንዳለ ያስገባል፤ ኮቦ ራሱ ለውጦ ያስቀምጠዋል። ዳታው ሲወርድ በፈረንጅ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ «ኧረ ቀኑ ተበላሸ!» ብላችሁ በሌሊት ለሱፐርቫይዘር አትደውሉ። አልተበላሸም። አንድ ነገር ብቻ፦ ይሄ የሚሠራው አፑ ላይ ነው። ለመምህራን ወይም ለቢሮ ሠራተኞች በቴሌግራም ሊንክ ልካችሁ በብሮውዘር የምታስሞሉ ከሆነ አትመኩበት። እዚያ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ጥያቄ መለየት ይሻላል።

ሰዓቱ ይብሳል፤ ለሰዓት እንዲህ ያለ ማስተካከያ አላገኘሁም። የሴቶች የሥራ ጫና ላይ የሚሠራ ጥናት ነበር፤ ሶሻል ሳይንስ። «ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?» ይላል። እማማ «በ11፣ ወፍ ሲንጫጫ» ይላሉ። ሰብሳቢው 11፡00 ብሎ ያስገባል። ለኮቦ ይሄ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ቡና አፍልተው የጨረሱት እናት ዳታው ላይ እስከ ረፋድ የሚተኙ እመቤት ሆኑ። ይሄ እንኳ ሁሉም ሰው እንዲሁ ቢያስገባ ስድስት ሰዓት ቀንሶ ማስተካከል ይቻል ነበር። ችግሩ አንዱ ሰብሳቢ በጭንቅላቱ ቀይሮ ማስገባቱ፣ ሌላው እንደወረደ ማስገባቱ ነው። ሲደባለቅ 11፡00 የትኛው 11፡00 እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስታታም ሆነ ሌላ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር አይፈታውም።

ስለዚህ እኔ ፎርም ስሠራ የሰዓት ጥያቄውን ጭራሽ አልጠቀምበትም። ከ1 እስከ 12 ቁጥር አስገባለሁ። ቀጥሎ «ሌሊት፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» የሚል ምርጫ። ስሌቱን ፎርሙ ከጀርባ ይሠራዋል። ተጠያቂውም ሰብሳቢውም በለመዱት ያወራሉ።

መሬትም እንዲሁ ነው። «ስንት ሄክታር አለዎት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ገበሬው በጥማድ ነው የሚያስበው። ጥያቄው ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ከተሠራ ደግሞ «ሁለት ጥማድ ተኩል» ያለው ሰው ወይ 2 ይሆናል ወይ 3። ተኩሉ የት ገባ? የማንም እርሻ ላይ የለም። መለኪያውን ለብቻው ጠይቁ፣ ቁጥሩ ነጥብ እንዲቀበል አድርጉ። አለቀ።

ዕድሜን ኮቦም ሌላውም አያድናችሁም። «ስንት ዓመትህ ነው አባቴ?» ሲባሉ «ለአብዮቱ ጊዜ ልጅ አግብቼ ነበር» ይሏችኋል። የ1966ን፣ የ77ን ድርቅ፣ የ1983ን የያዘች አጭር የክስተት ዝርዝር ከጥያቄው በታች በማስታወሻ መልክ መለጠፍ ግን ይቻላል። ስልኩ ላይ ሲሆን ሰብሳቢው ሌላ ወረቀት አያገላብጥም።

የአድራሻ ዝርዝሩንም እዩልኝ። ክልል ስትመርጡ የዚያ ክልል ዞን ብቻ፣ ዞን ስትመርጡ ወረዳው ብቻ ይመጣል፤ ይሄ በጣም ያምራል። ግን ዝርዝሩን ያመጣው ሰው ከድሮ ጥናት ገልብጦ ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆኗል። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጥቷል። በ2015 መጨረሻ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኖ ተለያይቷል። ሆኖም ሐዋሳ መሀል ቆሜ፣ «ክልል፦ ደቡብ» የሚል ምርጫ ብቻ ያለው ፎርም ተሰጥቶኝ ያውቃል። ቀበሌ ላይማ አይነሳ፤ የተዋሃደው፣ ስሙ የተቀየረው ብዙ ነው። ሁሌም «ሌላ» የሚል ምርጫና የሚጻፍበት ቦታ ይኑር።

ሌላው ተማሪዎች የሚወዱት ነገር ሁሉንም ጥያቄ ግዴታ ማድረግ ነው። ባዶ ቦታ እንዳይመጣ ብለው ነው፤ ሐሳቡ ገባኝ። ስልክ የሌለውን ሰው ስልክ ቁጥር ግዴታ ካላችሁ ግን 0900000000 ነው የምታገኙት። ሰብሳቢው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፎርሙ አላልፍም ስላለው ነው። «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» የሚሉትን ስጡት፣ ከዚያ ግዴታ አድርጉ።

አሁን ደስ ወደማይለው። ኮቦ ሰብሳቢን ይከታተላል። መቼ እንደጀመርክ፣ መቼ እንደጨረስክ ይመዘግባል። ጂፒኤስ የት እንደነበርክ ይናገራል። ኦዲት የሚባለው ከተጨመረ ደግሞ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየህ ያወጣል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የአንድ ቀበሌ መጠይቅ የሚሞላ ሰው በዚህ ይያዛል። ረጅም መጠይቅ በአራት ደቂቃ ካለቀ፣ ሁሉም ቤት አንድ ነጥብ ላይ ከተደረደረ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሱፐርቫይዘር ስሆን እወደዋለሁ። ሰብሳቢ ስሆን ትንሽ ይከብደኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን አበሉን በላቡ የሚያገኘውን ሰው የሚጠቅመው ይሄው ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሰዓቱን የሚወስደው ከስልኩ ነው። ስልኩ የተሳሳተ ሰዓት ካለው ምስኪኑ ሰብሳቢ ሌሊት 9 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ያደረገ ይመስላል። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት የሁሉንም ስልክ ሰዓት አያለሁ።

ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከሳተላይት ነው የሚወስደው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን ይለግማል። ነጥቡ ጥራት እስኪያገኝ ውጭ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ቆሞ መጠበቁ ደግሞ ጎረቤት ያሰባስባል። «መሬታችንን እየለካችሁ ነው? ግብር ልትጨምሩ ነው?» ይመጣል። ገጠር ውስጥ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ የቆመ እንግዳ አያምርም። ነጥቡን መጨረሻ ላይ፣ ከተግባባን በኋላ፣ እያሳየኋቸው ነው የምወስደው። ጥናቱ ካላስፈለገው ደግሞ ይቅር። የመጠጥ ውሃ ቦንቧ ለሚቆጥር ኢንጂነር የግድ ነው። ስለ ትዳር ጥቃት የምትጠየቅ ሴት ቤት ነጥብ መያዝ ግን ለምን? ይሄን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይጠይቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ።

ስልክ መያዙ ራሱ ወሬ ያቋርጣል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ስልክሽን አስቀምጪና አዋሪኝ» ብለውኛል። ትክክል ናቸው። ዓይኔ ስክሪን ላይ ነበር። ረጅም አስተያየት የሚፈልግ ጥያቄ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፉ ማዳመጥ አይሆንም። የቡድን ውይይትና ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ያለው ጥናት ከሆነ ለእሱ መቅጃና ደብተር ያዙ፤ ኮቦን ለቁጥሩ ተዉት።

ለኢንጂነሪንግ ሰዎች አንድ ምክር። ፎቶ ሞልታችሁ ስትልኩ ፓኬጃችሁ ያልቃል፣ ነጻው አካውንት ላይ ያለው ቦታም ይሞላል። የፎቶው ጥያቄ ላይ ማክስ ፒክስልስ የሚባለውን 1024 አድርጉት። ጉድጓዱ በደንብ ይታያል፤ አስፋልቱ ላይ ያለችውን ጉንዳን ማየት ከፈለጋችሁ ብቻ ነው ከዚያ በላይ። ነጻው አካውንት በወር የሚቀበለው መጠይቅም ገደብ አለው። ለአንድ ሰው ቴሲስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ትልቅ ጥናት ከሆነ ግን ገደቡን ሳታዩ ሥራ አትጀምሩ።

ዳታው ሲወርድ ኤክሴሉን ምረጡ። ሲኤስቪ የሚባለውን የፋይል ዓይነት አውርዳችሁ በቀጥታ ኤክሴል ላይ ብትከፍቱት አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ሊቀየርባችሁ ይችላል። የቤተሰብ አባላትን አንድ በአንድ ከመዘገባችሁ ደግሞ አባላቱ በሌላ ሺት ነው የሚመጡት፤ ከቤቱ ጋር የሚያገናኛቸው የኢንዴክስ ቁጥሩ ነው። ይሄን የማያውቅ ተማሪ «ግማሹ ዳታዬ ጠፋ» ብሎ ያለቅሳል። አልጠፋም፤ ሁለተኛውን ሺት ክፈተው። ኤስፒኤስኤስ ለሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የሚሆን መለያም ያወጣል፤ ኮድ ከመጻፍ ያድናል።

ከሌሎቹ የዳታ መሰብሰቢያዎች ጋር ሳነጻጽረው? የዓለም ባንክ ሰርቬይ ሶሉሽንስ ትልቅ ቡድንና ብዙ ሱፐርቫይዘር ላለው ሥራ ይበልጠዋል፤ ለአንድ ተማሪ ግን በበቅሎ ፋንታ ሲኖትራክ መከራየት ነው። ሬድካፕ ሕመምተኛን ደጋግሞ ለሚከታተል የሆስፒታል ጥናት ይመረጣል። ጎግል ፎርም ኔትወርክ ባለበት፣ ለአጭር ነገር ብቻ። ገጠር ይዛችሁት እንዳትወጡ።

ስልጠና ላይ ስስታም አትሁኑ። ሰብሳቢዎች አንዳቸው ሌላውን እየጠየቁ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች ይለማመዱ፤ ፎርሙን የሚያፈርሰው ከሁሉ አስቸጋሪው ሰብሳቢ ነው፣ እሱን ፊት አስቀምጡት። ከፕሪቴስቱ (ከሙከራው) በኋላ ፎርሙን ካስተካከላችሁ ሁሉም ስልክ ላይ አዲሱ መውረዱን በዓይናችሁ እዩ። ፓወር ባንክ ለሁለት ሰው አንድ ይኑር። ማታ ማታ «ሬዲ ቱ ሴንድ» የሚለው ውስጥ የቀረ እንዳለ ሳታዩ ማንንም ወደ አልጋ አታሰናብቱ፤ የጠፋ ስልክ ውስጥ ያልተላከ ዳታ አብሮ ይሄዳል።

በመጨረሻ ስለ አድቫይዘር። ፕሮጀክቱን ለእሱ አካውንት ማጋራት ይቻላል፤ ዳታው ሲገባ ከቢሮው ሆኖ ያያል፣ የጎደለ ካለ መስክ ላይ እያላችሁ ይነግራችኋል። አብዛኞቹ አይከፍቱትም። የሚከፍት ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ፈቃድ ስትሰጡ ግን ማየት ብቻ የሚለውን ምረጡ። ማስተካከል የሚለውን የተሰጠው አንድ መምህር መስመሮቹን ራሱ «እያጸዳ» ሲያግዝ፣ ተማሪው ከጠዋቱ የቆጠረው ናሙና ከምሳ በኋላ አልገጠመለትም።